አይዳን ይዤ ወደ ቡሬ

አይዳ ጎጃሜ ናት ብል ማን ይከራከረኛል? ጣሊያናዊው የኦፔራ ደራሲ ጁዜፔ ቬርዲ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኗን እንጂ ቀዬዋን አልነገረንም። በስሟ በሚጠራው ኦፔራ ሦስተኛ ገቢር ግን ምርኮኛዋ ልዕልት በሌሊት ዓባይ ዳር ቆማ፣ የተወለደችበትን ኮረብታና ሸለቆ ዳግመኛ ላታይ መሆኑን እያሰበች ታንጎራጉራለች። ዓባይ ደግሞ የሚመነጨው ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን፣ ሰከላ ውስጥ፣ ግሽ ከሚባለው ተራራ ሥር ነው። ጎጃምን አቅፎ የሚዞረውም እሱ ነው። ሌላ አውራጃ የተሻለ ማስረጃ ካለው ያቅርብ።

ይህን ሙግት ከራሴ ጋር የገጠምኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በኅዳር ወር ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ ስጓዝ ነው። ኦፔራውን በሙሉ ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ። ሾፌሩ በማሲንቆ የታጀበ የጎጃም ዘፈን ከፍቷል። አንዱን ጆሮዬን ለእሱ፣ አንዱን ለቬርዲ ሰጥቼ አማኑኤልንም ደምበጫንም አለፍን። ጤፉ እየታጨደ ነው፤ በቆሎው ደርቆ ቆሟል። ጅጋ ስንደርስ ያ ዝነኛ የድል ሰልፍ ጀመረ።

ዜማውን ኦፔራ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቀዋል፤ እግር ኳስ ሜዳ ላይ ተመልካች በአንድ ድምፅ ያዜመዋል። ማን አሸንፎ ማን እንደተሸነፈ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የተሸነፍነው እኛ ነን። መለከቱ የሚነፋው የግብጽ ጦር ኢትዮጵያውያንን ማርኮ ወደ ከተማ ሲገባ ነው። ከምርኮኞቹ መካከል የአይዳ አባት፣ ንጉሥ አሞናስሮ፣ ንጉሥነቱን ደብቆ እንደ አንድ መኮንን ለብሶ ቆሟል። ቬርዲን እወደዋለሁ፤ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

የሚከነክነኝ ያለ ምክንያት አይደለም። (የታሪኩን ቀኖችና ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኦፔራውን ያዘዘው የግብጹ ገዥ ከዲቭ ኢስማኤል ነው። ኢስማኤል ካይሮን ፓሪስ ሊያደርግ የተነሳ ሰው ነበር። በ1869 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ በተመረቀበት ወር የኦፔራ ቤቱንም በቬርዲ "ሪጎሌቶ" ከፈተ፤ ቀጥሎም ለራሱ የሚሆን አዲስ ሥራ ፈለገ። ታሪኩን የነደፈው ፈረንሳዊው የግብጽ ጥንታዊ ታሪክ ሊቅ ኦጉስት ማሪዬት ነው፤ ግጥሙን አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ጻፈው። ቬርዲ 150,000 ፍራንክ ተከፈለው። ፓሪስ የተሠሩት መጋረጃዎችና አልባሳት ከተማዋን ፕሩሲያዎች ሲከቧት እዚያው ታግተው ቀሩና ትርኢቱ ዘገየ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ታየ። ደራሲው ራሱ ለምረቃው አልሄደም።

እርግጥ የማሪዬት ኢትዮጵያ ዛሬ ሱዳን ውስጥ የምትገኘው የጥንቷ የናፓታ አገር ናት የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ገንዘቡን የከፈለው ሰውዬ ዓይኑን የጣለው ግን በሕይወት ባለችው ኢትዮጵያ ላይ ነበር። አይዳ በታየች በዓመቱ፣ በ1872፣ የእሱ ሹም የነበረው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ከረንን ያዘ። በኅዳር 1875 ጦሩ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ ጉንደት ላይ አፄ ዮሐንስ ደመሰሱት፤ ዴንማርካዊው አዛዥ አሬንድሩፕም እዚያው ሞተ። በመጋቢት 1876 የበለጠ ጦር፣ አሜሪካውያን መኮንኖች ጭምር ይዞ ተመለሰ። ጉራ ላይ ያው ሆነ። ኢስማኤል በዕዳ ተዘፍቆ የስዊዝ ቦይ ድርሻውን ለእንግሊዝ ሸጦ ነበር፤ በ1879 ከሥልጣን ወረደ። መድረክ ላይ የተነፋው መለከት ጦር ሜዳ ላይ አልሠራለትም።

ፍኖተ ሰላም ላይ ወረድኩ። ከተማይቱ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስሟን ያወጡላት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። አንዲት ቡና ቤት ደጃፍ ከገጠር ለገበያ የመጡ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን ነገር ሲያዩ ቆዩና "ምን ትሰማለህ ልጄ?" አሉኝ። አንዱን ማዳመጫ ሰጠኋቸው። የዓባይ ዳሩ ዘፈን ነበር። ዝም ብለው ሰሙ።

"ታለቅሳለች እኮ። ምን ሆና ነው?"

"አገሯ ናፍቋት ነው አባባ። የእኛ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ግብጾች ማርከዋት ነው።"

ታሪኩን አስጨረሱኝ። የግብጹ የጦር አዛዥ ራዳሜስ አይዳን ይወዳል፤ እመቤቷ የፈርዖን ልጅ አምኔሪስ ደግሞ እሱን ትወዳለች። አባቷ አሞናስሮ ጦሩ የሚያልፍበትን መንገድ ከፍቅረኛሽ አውጪልኝ ብሎ ያስጨንቃታል። ራዳሜስ አፉ አምልጦት ይናገራል፤ በክህደት ተፈርዶበት ከነሕይወቱ መቃብር ይዘጋበታል። አይዳ አስቀድማ እዚያው ገብታ ትጠብቀዋለች። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። "ጥፋቱ የአባትየው ነው። ንጉሥ ሆኖ የጦር ሥራ በሴት ልጁ ያሠራል?" ስለ አይዳ ብዙ ትንታኔ አንብቤአለሁ፤ አሞናስሮን እንዲህ ባጭሩ የገላገለው ግን አላጋጠመኝም።

ደራሲው ገበሬ እንደነበር ስነግራቸው የበለጠ ወደዱት። ቬርዲ በ1813 ፓርማ አካባቢ ሌ ሮንኮሌ በምትባል መንደር የተወለደ የመሸታ ቤት ባለቤት ልጅ ነው። የሚላኖ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1832 አልቀበልም ብሎ መለሰው፤ ያው ትምህርት ቤት ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሁለት ልጆቹንና ሚስቱን በሁለት ዓመት ውስጥ ቀበረ። "ናቡኮ" በ1842 ስሙን ካስጠራለት በኋላ ባገኘው ገንዘብ ሳንት አጋታ ላይ መሬት ገዝቶ ቦይ አስቆፈረ፣ ከብት አረባ። ገበሬ ነኝ ማለት ደስ ይለው ነበር። "ስንት ጥማድ በሬ ነበረው?" አሉኝ ሽማግሌው። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ቡሬ በኅዳር የበርበሬ አገር ናት። ግቢው ሁሉ ቀይ ተሰጥቶበታል፤ ያስነጥሳል። እኔ የመጣሁት ግን ጣሊያን ከአገራችን ስለተባረረበት ስለ 1941 ሳስብ ነው። ጣሊያን እዚህና መንኩሳ ላይ ምሽግ ነበረው። በዚያ ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ደረሰ። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል በድምፅ ማጉያ እየተጣራ ለጣሊያን ያደሩትን ወታደሮች ክዱ ይላቸው ነበር። በቁጥር የሚበልጠው የጣሊያን ጦር መጋቢት 4 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

የፋሺስቱን ዕዳ በቬርዲ ላይ መጫን አግባብ አይደለም። እሱ በ1901 ሞቷል። ከዓድዋ ድል በኋላም ወዳጁ ኢታሎ ፒዚ እንደጻፈው፣ አገሩ አፍሪካ ውስጥ የጨቋኝ ሥራ እየሠራች መሆኗን፣ ዋጋም እንደምትከፍልበት ተናግሯል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጣሊያናዊ ብዙ አልነበረም።

ወደ ግሽ ዓባይ የወጣሁት በጠጠር መንገድ፣ በብርድ ነው። ምንጩ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን አኑረውበት ሳይርሱ እንደተመለሱላቸው የሚነገርለት ጠበል ነው፤ የበላ ሰው አይቀርበውም። ምእመናን በባዶ ሆዳቸው ጄሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። አይዳ የምትናፍቀው መዓዛው የሚያውድ ደን ዛሬ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው፤ የተረፈው እርሻና ባሕር ዛፍ ሆኗል። ኮረብታው ግን አረንጓዴ ነው። ካይሮ ድረስ ሄዶ ግጥም የሚሆነው ውኃ እዚህ በመዳፍ ይጨለፋል።

የብሔራዊ ቴአትርና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። አራቱም ገቢር ባይቻል ሦስተኛውን ብቻ፣ የዓባዩን፣ በአማርኛ ግጥም አሳዩን። ግጥሙን ከጎጃም የቅኔ ቤት የወጣ ሰው ይጻፈው፤ አሞናስሮም የራሱን ሙግት በራሱ አንደበት ይሟገት። ቬርዲ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው የባለቤትነት ክፍያ የሚጠይቃችሁ የለም።