መቁጠርና መከታተል

“ማስታወቂያውን ስንት ሰው አየው?” የሚለው ጥያቄ ለኛ ለማርኬቲንግ ተማሪዎች የዕለት እንጀራ ነው። እኔም ባለፈው ሴሚስተር ለአሳይንመንት አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ቆሜ መንገደኛውን በእስክሪብቶ ጭረት ስቆጥር ሁለት ቀን ውያለሁ። ሰው ያልፋል፣ እጭራለሁ፤ በቃ። ትናንት ያለፈው ዛሬ ቢመለስ ለኔ ሌላ ጭረት ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ግን ይህን ሥራ ለመሣሪያ ሊሰጡት አስበው ነበር። ጄሲዴኮ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት፣ ፓሪስ አጠገብ ባለው የላ ዴፋንስ የንግድ ሰፈር፣ ሰሌዳዎቹ ላይ የዋይፋይ መቁጠሪያ ሣጥን ለአራት ሳምንት ሊተክል ፈቃድ ጠየቀ። ዋይፋዩ የተከፈተ ሞባይል መረብ ሲፈልግ መለያ ቁጥር ይልካል፤ ሣጥኑ በ25 ሜትር ዙሪያ ያለውን ይለቅማል። ድርጅቱ ቁጥሩን ከፊሉን ቆርጦ፣ የቀረውን በቀመር ለውጦ እንደሚያስቀምጥ ገለጸ።

ክኒል የሚባለው የግል መረጃ ጠባቂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ከለከለ። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በፌብሩዋሪ 8 ቀን 2017 ክልከላውን አጸናው። ለምን? ድርጅቱ የፈለገው ብዛት ብቻ አልነበረም። ያው ሰው ስንት ጊዜ እንደተመለሰ፣ ከየትኛው ሰሌዳ ወደ የትኛው እንደሄደም ማወቅ ፈልጓል። ለዚህ ደግሞ የተለወጠው ቁጥር ለአንድ ስልክ ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት። እንዲህ ከሆነ ሰውየው ከሕዝብ መሀል ተለይቷል ማለት ነው። ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብም፣ በተጨማሪ መረጃ ባለቤቱ ሊታወቅ እስከቻለ ድረስ፣ ስምን በሌላ መለያ መተካት ብቻውን መረጃውን ከግል መረጃነት አያወጣውም ይላል።

“ስሜን ካልያዘ ምን ቸገረኝ?” የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እስቲ አስቡት፤ የሰፈራችን ባለሱቅ ስሜን አያውቁም። ግን ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምወጣ፣ ከማን ጋር እንደምመለስ፣ የትኛው ቀን እንደቀረሁ ያውቃሉ። እሳቸውን ግን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ “ጋሼ፣ እንደምን አደሩ” እላቸዋለሁ። ሣጥኑንስ ማን ያውቀዋል?

አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ነገ ተመርቀን ቢሮ ስንገባ “ስንት ሰው አለፈ?” ብቻ ሳይሆን “ማን ተመልሶ መጣ?” የሚለን ደንበኛ አይጠፋም። የመጀመሪያው ጥያቄ ቆጠራ ነው። ሁለተኛው ክትትል ነው፤ ለሱ መጀመሪያ መንገደኛውን ማስፈቀድ ይገባል ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?