ስንት ከፈልክ?

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ለእናታችን ሙት ዓመት ወደ አገር ቤት ወጥቼ ነበር። አገር ቤት የምለው ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ጭላሎን በግራ እየተዉ ሲጓዙ፣ ሳጉሬ አጠገብ ወደ ተራራው የሚታጠፈውን ቀዬ ነው። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። እንግዳው ከተበተነ በኋላ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ እስከ ዛሬ ወንድም ጋሼ የምላቸው፣ ከሣጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው «እስቲ ይህን አንብብልኝ» አሉኝ። ማንበብ አቅቷቸው አይደለም። ከእኔ በፊት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት ያለፉ ሰው ናቸው። «አንብብልኝ» ማለታቸው «ምን ማለት እንደሆነ ንገረኝ» ማለታቸው ነበር።

ወረቀቱ የመጨረሻ ልጃቸው ዕዳ ነው። ልጅቷ በ2014 ዓ.ም. ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ (ስሙን ማንሣቱ ለማንም አይጠቅምም) በአካውንቲንግ ተመርቃለች። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትታ ተቀመጠች፤ ከዚያ አሰላ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ቆየች። በመጨረሻ አዳማ ላይ የተሻለ ቦታ ተገኘላትና ቀጣሪዎቹ ዋናውን ዲግሪ አምጪ አሏት። በእጇ ያለው ጊዜያዊው ነው። ዋናውን ልትወስድ ስትሄድ «መጀመሪያ የወጪ መጋራትሽን ጨርሺ» ተባለች። ሃያ አራት ሺህ ከምናምን ብር። የምግብ፣ የመኝታ፣ የትምህርት እየተባለ በየዓመቱ ተከፋፍሎ ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱም ሥር ፊርማዋ አለ።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ አንድ ወይፈን ይሸፍነዋል» አሉ። ቀጥለውም፣

«አንተስ ያኔ ስንት ከፈልክ?»

ነገር ፍለጋ አልነበረም። ገበሬ በሬ ሲገዛ የጎረቤቱን በሬ ዋጋ እንደሚጠይቀው ያለ ጥያቄ ነው፤ ማነጻጸሪያ ነው የፈለጉት።

«ምንም አልከፈልኩም» አልኩ።

«ምንም?»

«ያኔ ነፃ ነበራ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ነፃ…» ብለው ቃሏን እንደማጣጣም አደረጉና ከብቶቹን ሊያስገቡ ወጡ።

እኔ እዚያው ተቀመጥኩ። በአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ነገር በተነሣ ቁጥር «ኧረ እኛ በነፃ ነው የተማርነው፣ ትምህርት እንዴት ይሸጣል!» እያልኩ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከጡረታ በኋላማ ብሶብኛል። ያን ማታ ግን «ነፃ» ያልኩትን ነገር ዋጋ ማን እንደከፈለው ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር ጀመርኩ።

አባታችን በ1968 ዓ.ም. ሲያርፍ ወንድም ጋሼ አሰላ ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ነበር፤ እኔ ገና አምስተኛ ክፍል ነኝ። መሬቱ ከአዋጁ ወዲህ የእኛ ሆኗል፤ የሚያርሰው ግን የለም። ደብተራቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ፤ ሞፈር ጨበጡ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። በ1972 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት አሰላ የወረድኩት እኔ ነኝ። የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ መማር ምን ማለት እንደሆነ የከተማ አንባቢ ላያውቅ ይችላል። ትምህርት ቤቱ አያስከፍልም፤ ከተማው ግን ያስከፍላል። ለአራት የምንከራያት አንዲት ክፍል፣ ላምባ፣ ደብተር፣ ለክረምቱ ጫማ። ስንቁ ከቤት ይመጣል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭኮ። የአርሲን ጭኮ የበላ ያውቀዋል፤ የገብሱ ዱቄት የሚለወሰው በቅቤ ነው። እናቴ ያን ቅቤ ገበያ ብታወጣው ኖሮ ለራሷ ሻሽ ይገዛላት ነበር። ወንድም ጋሼ በዓመት ሁለት ጊዜ በግ ይሸጣሉ፤ አንደኛው ለመስከረም፣ ሁለተኛው ለየካቲት። አራት ዓመት፣ ስምንት በግ። የትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

ከዚያ በ1976 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ገባሁ። መኝታ አለ፣ ምግብ አለ፣ መጻሕፍት ቤት አለ፤ ማንም ሳንቲም አልጠየቀኝም። ጠዋት ጠዋት ሻይና ዳቦ ይሰጠናል፤ የዳቦው ማነስ የዘወትር ማጉረምረሚያችን ነበር። (የረሃብ ዘመን መሆኑን ጭምር ረስተን።) ስለ ስንዴው ግን አስቤ አላውቅም። በዚያን ዘመን የአርሲ ገበሬ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እህል ያስረክብ ነበር፤ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነው፤ ዋጋውም ገበያ ከሚከፍለው እጅግ ያነሰ ነው። በዚያ ዋጋ የተሰበሰበ እህል ለጦሩ፣ ለከተማው ቀበሌ፣ ለመንግሥት ተቋማት ይከፋፈላል። ምርት ያነሰው ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ወንድም ጋሼም አንድ ዓመት እንዲሁ አድርገዋል፤ እኔ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ለክረምት ስመለስ ሲያወሩ ሰማሁና ስለ ብዝበዛ ያነበብኩትን አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። እዚያው ማዕድ ላይ የበዝባዡ ወገን ማን እንደሆነ ግን ለሁለታችንም አልታየንም።

ነገሩ ከእኔ ዘመን ይጀምራል ማለቴ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር የተጣለው በመሬት ላይ ነበር። በሕጉ ከፋዩ ባለመሬቱ ነው፤ በብዙ ቦታ ግን ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው በጢሰኛው ጫንቃ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያለው ከተማ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ተከፈተ፤ በ1954 ንጉሡ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለቀውለት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ1957 ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ በአራሹ ግብር እየተማረ ነበር። ይህን የምለው ለማሳጣት አይደለም፤ እንዲያውም ዕዳውን ከእኛ በተሻለ የተረዱት እነሱ ይመስሉኛል። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነገር ተጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጣ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት። ያ አንድ ዓመት ክፍያ አልተባለም እንጂ ክፍያ ነበር።

ወጪ መጋራት የመጣው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ነው፤ በ1996 የትምህርት ዘመን ሥራ ላይ ዋለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል፤ ሲገባ ግን አይጠየቅም፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፍላል። መምህራንን የመሳሰሉ በአገልግሎት እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። አውስትራሊያ በ1981 በእኛ አቆጣጠር የጀመረችው ዘዴ የቅርብ ዘመድ ነው። ሐሳቡ ሲወጣ እኔም በጩኸት ተቃውሜዋለሁ። ዛሬ ሳነበው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በወረቀት ላይ ከእኔ «ነፃ» ይልቅ ለወንድም ጋሼ የሚያደላው ይኸው ነው።

ምክንያቴን ልናገር። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ማነው? በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በማግስቱ ዓመት 3.2 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በመቶ የሚቆጠሩ ሳይሆን ከሺህ በላይ ነበሩ። የእነዚያ ልጆች አባቶችም ግብር ይከፍላሉ፤ ስኳርና ሳሙና ሲገዙም ይከፍላሉ። ልጁ ለወደቀበት አባት «በነፃ ይሁን» ማለት «አንተ ክፈልለት» ማለት ነው። ጥሩ የግል ትምህርት ቤት አስተምሮ ልጁን ያሳለፈው የከተማ ሰው ደግሞ (ከእነዚህ አንዱ እኔ ነኝ፣ ልደብቅ አልችልም) ለአሥራ ሁለት ዓመት ሲከፍል ቆይቶ ልክ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ ነፃ ይወጣል።

እንዲህ ካልኩ በኋላ «ታዲያ በር ላይ ይክፈላ» የሚለኝ አይጠፋም። ነገሩም ወደዚያ እያዘነበለ ነው። በ2015 በወጣው አዋጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ መንግሥት ከሚከፍልላቸው ጎን ለጎን በራሳቸው የሚከፍሉ ተማሪዎችን ይቀበላል። ማከሬሬ ይህን መንገድ የጀመረው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ያለው ቢከፍል ቅር አይለኝም። ግን በ1976 ስድስት ኪሎ በር ላይ «ስንት ይዘሃል?» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ወንድም ጋሼ የሚሸጡት በግ አልቆ ነበር፤ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሌላ ሰው፣ ገብስ የሚያበጥረው እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ከደመወዝ ላይ ይቆረጥ የሚለውን እቀበላለሁ። የማልቀበለው የወንድሜን ልጅ ያጋጠማትን ነው። ደመወዝ የላትም፤ ደመወዝ የሚያስገኝላት ወረቀት ደግሞ በዕዳው ተይዟል። ይህ ግብርም አይደለም፣ ብድርም አይደለም፤ መያዣ ነው። አራጣ አበዳሪ እንኳ የገበሬውን ማረሻ ይዞበት «አርሰህ ክፈለኝ» አይለውም። በዚህ ላይ ሕጉ አስቀድሞ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ ያደርጋል። ገንዘብ ያለው አባት ቀንሶ ይከፍልና ልጁ ዋናውን ዲግሪ ይዞ ወደፈለገበት ይበርራል፤ የሌለው ሙሉውን ይከፍላል፣ እሱም ወይፈን ከተገኘ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ስመረቅ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 500 ብር ነበር። እንደ ዛሬው ሕግ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ላይ 50 ብር ይቆረጥብኝ ነበር። 50 ብር በወር ለወንድም ጋሼ ልኬ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። አልላክሁም። በመጀመሪያው ደመወዝ ኮትና ጫማ ገዛሁ፤ በሦስተኛው ወር ለእናቴ ጋቢ ላክሁ፤ ከዚያ በዓል ሲመጣ ይህንና ያን። ኋላ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ። እሳቸው አልጠየቁኝም፤ እኔም ያለመጠየቃቸውን ዕዳ እንደሌለ ቆጠርኩት።

ማታ ራት ላይ አነሣሁት። ልጅቷ እጅ እያስታጠበችን ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ይህን ገንዘብ እኔ ልክፈለው» አልኩ።

«ለምን ብለህ?»

«እኔ ያኔ አልከፈልኩም ብዬ።»

«የሷ የሷ ነው» አሉ። «የተማረችው እሷ ናት፤ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለች። ሕጉ እንዲህ ነው አላልከኝም?»

«ነው። ግን ወረቀቱን አይሰጧትም።»

«እኔ እሰጣታለኋ! ወይፈኑን እሸጣለሁ፤ ከደመወዟ እየቆረጠች ትመልስልኛለች።» ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ትመልሺ የለም?» አሏት።

«አዎ አባዬ» አለች፣ ማስታጠቢያውን እንደያዘች።

«የኔስ?» አልኩ። የፈራሁትን ነገር መጠየቄን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ወንድም ጋሼ ሳቁ። «ያንተማ በኮታ አለቀ» አሉኝ።

በማግስቱ ገበያ ነበርና ሦስታችንም ወይፈኑን እየነዳን ወረድን። ቀይ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ አለው፤ ገና አልተገራም። አንድ የአሰላ ነጋዴ 31 ሺህ ብሎ ጀመረ። ወንድም ጋሼ መልስ ሳይሰጡ የወይፈኑን ጀርባ ማሻሸት ያዙ። ሰውየው ሄዶ ተመለሰ፤ ጥርሱን አየ፤ 34 አለ። ከሰዓት በኋላ በ36 ሺህ ተስማሙ። ወንድም ጋሼ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥረው ሃያ አምስቱን ለልጃቸው ሰጧት። የተረፈውን መሐረባቸው ላይ ቋጠሩ። እሷ በአሰላ ሚኒባስ መስኮት በኩል እጇን ስታወዛውዝ ነጋዴው ወይፈኑን ወደ መኪናው ሊጭን እየታገለ ነበር፤ ወንድም ጋሼ ሄደው ገመዱን ያዙለት።