ሰሙ የሚፈስበት መንደር

ናቺያርኮይል ከዓይን በፊት ለጆሮ ትደርሳለች። ከባጃጁ ሳልወርድ ሞረድ ሲፍቅ፣ ቶርኖ ሲያፏጭ፣ መዶሻ ሲያስተጋባ ሰማሁ። በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ከኩምባኮናም 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ ስሟ የሚነሳው በመብራት ነው። ኩቱቪላኩ ይሉታል፤ ከናስ የተሠራ፣ ባለ እግር፣ በሰሊጥ ዘይት የሚነድ መቅረዝ። ትንሹ ከስንዝር አይዘልም፣ ትልቁ ከእኔ ቁመት ይበልጣል።

በየደጁ አካሉ ተበታትኖ ተከምሯል፤ እዚህ እግር ብቻ፣ እዚያ ግንድ ብቻ፣ ወዲያ የዘይት ሳህን። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይፈስሳል፣ በቶርኖ ይላጋል፣ በመጨረሻም በጥርስ እየተጠመዘዘ ይገጠማል። ጫፉ ላይ አናም የሚሉት ወፍ ይቆማል። ወተትና ውኃ ተቀላቅሎ ቢቀርብለት ወተቱን ለይቶ ይጠጣል ተብሎ የሚተረክለት ወፍ ነው። የሳህኑ ከንፈር አምስት ቦታ ላይ ሾጠጥ ይላል፤ አምስቱ ፈትሎች የሚተኙት እዚያ ላይ ነው።

ለምን አምስት? ባለ ሱቁ አምስቱ ባሕርያት ናቸው አለኝ፦ መሬት፣ ውኃ፣ እሳት፣ ነፋስና ጠፈር። ለልጃቸው ሠርግ መቅረዝ ሊገዙ የመጡ እናት አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ናቸው አሉ። አስተርጓሚዬ፣ የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ ቁጥሩን ትቶ እግሩ ብራህማ፣ ግንዱ ቪሽኑ፣ ሳህኑ ሺቫ ነው ሲል በሦስቱ የሂንዱ አማልክት አስረዳኝ። ክርክር ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሦስቱም አንገታቸውን እየነቀነቁ ተስማሙ። አንዱ ፍቺ ሌላውን አይገፋውም። ሁሉም ያለ ማመንታት አንድ ቃል የሆኑት በማጥፋቱ ላይ ነበር። መብራቱ በአፍ እፍ ተብሎ አይጠፋም። እናትየዋ ባልተለኮሰው መቅረዝ ላይ በአመልካች ጣታቸው አሳዩኝ፤ ፈትሉን ጫፉን ይዘው ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ዘይቱ ውስጥ አሰጠሙት። አበባ አስነክቶ ማጥፋትም ይቻላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ‹‹ምን ማለት ነው?›› የሚለውን ጥያቄዬን ቀነስኩ፤ የሰዎቹን እጅ መከተል ያዝኩ።

ኩምባኮናም ራሷ የማሰሮ ልጅ ናት። በአፈ ታሪኩ ዓለም በውኃ ስትጥለቀለቅ የሕይወት ዘር የተቀመጠበት ማሰሮ ተንሳፍፎ እዚህ ቆመ፤ ሺቫም በቀስት ሰበረው። የፈሰሰው ያረፈበት ስፍራ ዛሬ ማሃማሃም የሚባለው ትልቅ ኩሬ ነው ይላሉ፤ በየ12 ዓመቱ ምእመናን እየጎረፉ ይጠመቁበታል። ያለፈው በ2016 እ.ኤ.አ. ነበር፣ የሚቀጥለው በ2028 ነው። ማሰሮው በአምልኮው ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራል። የናስ ወይም የመዳብ እንስራ ዙሪያውን በነጭ ክር መረብ ይጠለፍበታል፤ አፉ ላይ የማንጎ ቅጠል ይሰካል፣ በቅጠሉ መካከል ኮኮናት ይቀመጣል። ካህኑ አምላኩን በእንስራው ወዳለው ውኃ ይጠራል። ቤተ መቅደስ ሲታደስ ያን ውኃ ወደ ጣሪያው ጫፍ ተሸክመው ያወጡትና ጉልላቱ ላይ ይገለብጡታል፤ ታች የቆመው ሕዝብ ጠብታ እንዲደርሰው እጁን ይዘረጋል።

ልቤ የቀረው ስዋሚማላይ ነው። ከኩምባኮናም ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በካቬሪ ወንዝ አጠገብ ያለ መንደር ነው፤ ስታፓቲ የሚባሉ ባለሙያዎች ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ እያወረዱ የነሐስ ምስል ያፈስሳሉ። የገባሁበት የሥራ ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ አፈር ነበር። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን አጣጥፈው ከፊታቸው ትንሽ ፍም አስቀምጠዋል። በቀኝ እጃቸው የጋለ ቢላ፣ በግራቸው የጣት ርዝመት ያላት ቡናማ ክንድ ይዘዋል። ክንዷ የሰም ናት፤ የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫና ከለውዝ ዘይት ጋር ተዋህዶ። ቢላውን ሰሙ ላይ ሲያስነኩት ጭስ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ክርኑ ዞር ይላል፣ መዳፉ ይከፈታል። ሜትር የለም፣ ማስመሪያ የለም። ያለው የኮኮናት ዘንባባ ቅጠል ነው፤ በምስሉ ቁመት ልክ ተቆርጦ በየመጠኑ ታጥፏል። ከግንባር እስከ አገጭ አንድ እጥፋት፤ የቀረው አካል የሚለካው በፊት ቁመት ነው።

ሰሙ ሲያልቅ ከካቬሪ ዳርቻ በመጣ ደቃቅ ደለል ይለበጣል፤ በጥላ ይደርቃል፣ ሻካራ አፈር ይደረብበታል፣ በሽቦ ይታሰራል። ከዚያ በኩበት እሳት ይጋላል። ያን ቀን አንዱ ተራው ደርሶ ነበር። ከጭቃው ቅርፊት ግርጌ ካለችው ቀዳዳ ሰሙ መጀመሪያ በጠብታ፣ ኋላ በቀጭን ክር ወረደ። ሦስት ሳምንት የተለፋበት ክንድና ጣት፣ ዘውድና ፈገግታ ነው እንግዲህ የሚፈስሰው። ሽማግሌው ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

እኛ ሰምና ወርቅ ስንል ከዚሁ የአንጥረኛ ሙያ መውሰዳችን የታወቀ ነው። የቅኔ መምህራን ያስለመዱን ግን ሰሙን ሽፋን፣ ወርቁን ምሥጢር አድርገን ማየት ነው፤ ሰሙ ቶሎ ይገፈፍ ዘንድ እንቸኩላለን። ስዋሚማላይ ላይ ይህን ልማዴን ያዝ አደረግሁት። ሰሙ ያላገኘውን አቋም ብረቱ ከየትም አያመጣውም። ኋላ በመሮና በሞረድ ብዙ ቢለፋበትም፣ የወገቡ መታጠፍና የእግሩ መነሳት ያለቀው በሰሙ ነው። አምልኮው ራሱ እዚያ ጠፊ ነገር ውስጥ ተጀምሯል።

ብረቱ አምስት ማዕድን ነው ይባላል፦ አብዛኛው መዳብ፣ ከዚያ ናስና እርሳስ፣ በጣም ጥቂት ብርና ወርቅ። ምስል ያዘዘ ቤተሰብ ከቤቱ ያመጣትን የወርቅ ፍንጣሪ በገዛ እጁ ከሚንተከተከው ብረት ውስጥ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ከቀዘቀዘ በኋላ ጭቃው ይሰበራል፤ ቅርጹ ለሁለተኛ ምስል አያገለግልም። ዓይኖቹ የሚከፈቱት በመጨረሻ ነው፣ በሥርዓት፣ በወርቅ ወይም በብር መሮ። እስከዚያ ድረስ ሠራተኞቹ ምሳቸውን አጠገቡ ይበላሉ፣ ሸሚዛቸውን ትከሻው ላይ ይሰቅላሉ።

አንባቢዬ እስካሁን በልቡ ‹‹ያው ጣዖት ነው›› ሳይል አልቀረም። እኔም የኦሪቱን ትእዛዝ በቃሌ እየደገምኩ ያደግሁ ነኝ፤ ጥያቄውን ሳልጠይቅ ብወጣ ይቆጨኝ ነበር። ‹‹በእጅዎ ለሠሩት እንዴት ይሰግዳሉ?›› አልኳቸው በተማሪው በኩል። ሽማግሌው አልተቆጡም። ‹‹እኔ መቀመጫ እሠራለሁ፤ ተጠርቶ የሚመጣውን እኔ አልሠራሁትም›› አሉኝ። መልሱ እምነቴን አላስለወጠኝም። ነገር ግን ከሩቅ ሆኖ ድንጋይና ብረት ያመልካሉ ማለት ስንፍና መሆኑን አሳምኖኛል።

የተጠራው እንግዳ ደግሞ በሕግ ፊት ሰው ሆኖ ያውቃል። በዚሁ በካቬሪ አካባቢ ፓቱር በምትባል መንደር ተቀብሮ የኖረ የሺቫ ምስል በ1976 እ.ኤ.አ. ተቆፍሮ ወጣ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ለንደን ደረሰ። እዚያ ክስ ተመሠረተ፤ ከከሳሾቹ አንዱ ምስሉ የነበረበት የፈረሰ ቤተ መቅደስ ራሱ ነበር። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት አቤቱታውን ተቀበለ፤ ምስሉም በ1991 ወደ ህንድ ተመለሰ። የሕግ ተማሪ ቢያጋጥመኝ ይህን መዝገብ ፈልጎ እንዲያነበው እለምነው ነበር።

ከኩምባኮናም ወደ ቺዳምባራም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡሱ በሩዝ ማሳዎች መካከል እየጮኸ ይበራል። ስዋሚማላይ ላይ በሰም ያየሁት የናታራጃ፣ የጨፋሪው ሺቫ፣ ዋና መኖሪያ እዚህ ነው። በኋላኛው ቀኝ እጁ ከበሮ ይዟል፣ ዓለም የምትፈጠርበት ድምፅ ነው። በኋላኛው ግራ እጁ የሚያጠፋት እሳት አለ። ፊተኛው ቀኝ መዳፉ አትፍሩ ይላል፤ ፊተኛው ግራ እጁ ወደ ተነሳው እግር ይጠቁማል፣ መጠጊያው እሱ ነውና። ከቆመበት እግር ሥር አንድ ድንክ ተረግጧል፣ ድንቁርና ነው። የህንድ መንግሥት በ2004 እ.ኤ.አ. ሁለት ሜትር የሚሆን ናታራጃ ለሰርን፣ ጄኔቫ አጠገብ ላለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ መስጠቱ የሚያስገርም አይመስለኝም።

ቤተ መቅደሱን የያዙት ዲክሺታር የሚባሉ የዘር ካህናት ናቸው፤ ጸጉራቸውን ወደ ጎን ቋጥረው ከሩቅ ይለያሉ። ጥንት 3000 ነበሩ፣ አንድ ቀን ሲቆጠሩ አንድ ጎደለ፣ ‹‹ጎዶሎው እኔ ነኝ›› የሚል የሺቫ ድምፅ መጣ ይባላል። የወርቅ ጣሪያው 21,600 ንጣፍ አለው ይሉኛል፣ ሰው በቀን የሚተነፍሰው ያህል። በስልኬ አሰላሁት፤ በደቂቃ 15 ጊዜ ሆኖ ልክ ይመጣል።

ወደ ውስጠኛው መድረክ ለመውጣት ወንድ ሸሚዙን ያወልቃል። አውልቄ ቆምኩ፤ ከፊትም ከኋላም ላብ ያጠመቀው ጀርባ፣ የጃስሚን ሽታ፣ የተሰበረ ኮኮናት ውኃ እግር ሥር። ኮኮናቱን የሚሰብሩት ጠንካራው ቅርፊት ትዕቢት ነው ብለው ነው። ግንባር ላይ በሦስት መስመር የሚቀባው አመድ ከከብት ኩበት የተቃጠለ ነው፤ ከእሳት የተረፈው ይለበሳል። ከዚያ ደወሎቹ በአንድ ጊዜ ተደወሉ፣ ጎረቤቴ የሚለኝ እስከማይሰማ ድረስ። ካህኑ ካፉር ለኮሰ። ነጭ፣ ሽታው አፍንጫን የሚሰነጥቅ ነገር ነው፤ ቦግ ብሎ ይነድና አመድ እንኳ አያስቀርም። ነበልባሉ በሳህን ወደ እኛ መጣ፤ ሰው ሁሉ መዳፉን አስነክቶ ዓይኑን ዳሰሰ። እኔ እጄን አልዘረጋሁም፤ ካህኑ ምንም ሳይል አለፈኝ።

ከናታራጃው ጎን መጋረጃ አለ፤ ውጪው ጥቁር፣ ውስጡ ቀይ፣ አለማወቅና ማወቅ። ካህኑ ገለጥ ሲያደርገው ምስል የለም። ባዶ ስፍራ ላይ በወርቅ የተሠሩ የቢልቫ ቅጠሎች በዘለላ ተሰቅለዋል፤ አበባ የሚያጠልቁት ለጠፈር ነው። አካል ለሌለው ጌጥ ማዘዝ ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል? ሰሙን አፍስሶ፣ ካፉሩን አንድዶ፣ ማሰሮውን ገልብጦ የለመደ ሕዝብ ብቻ ይደፍረዋል ብዬ ነው የማምነው።

በሌሎች ቤተ መቅደሶች ዋናው የድንጋይ ምስል ከቦታው አይነቃነቅም፤ ለበዓል የሚወጣው የነሐስ እንደራሴው ነው። ቺዳምባራም ግን ናታራጃው ራሱ በዓመት ሁለት ጊዜ በሠረገላ ይወጣል፣ በሰኔ ወይም በሐምሌ አንዴ፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር አንዴ። ሠረገላውን በወፍራም ገመድ የሚጎትተው ሕዝቡ ነው። ለሰኔው ሳይሆን ለታኅሣሡ ለመመለስ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ። ተማሪው ገመዱን አብረን እንስባለን ብሎኛል፤ ‹‹ግን ሰር፣ አስፋልቱ ቢጋልም ጫማ የለም።››