ቡቺን ፎቶ ለማንሳት

በቤታችን አልበም ቡቺ ያለባቸው ፎቶዎች ስድስት ናቸው። በአራቱ የሚታየው ጭራው ብቻ ነው፤ በአንዱ ጀርባውን ሰጥቷል። በስድስተኛው አባዬ አመሻሽ ላይ በረንዳ ተቀምጦ ይስቃል፤ ከእግሩ ሥር ጥቁር ጭስ የመሰለ ነገር አለ። ጭሱ ቡቺ ነው።

አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ቡቺም 11 ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ቶሎ አይታዘዙለትም። አሜሪካ ያለችው እህቴ በደወለች ቁጥር «ፊቱ የሚታይ አንድ ፎቶ እንኳ አጣሽ?» ትለኛለች።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የምርት ፎቶ ሲነሳ አጠገቡ ቆሜ «ትንሽ ወደ ግራ» ማለት ለምዶብኛል። የታሸገ ቡና ያስቀመጡት ቦታ ይቆያል። ቡቺ ግን ተንበርክኬ ሳነጣጥርበት ጨዋታ መስሎት ይመጣና ስልኩን ይልሳል።

በመጀመሪያው ቀን መሽቶ ስለነበር ፍላሽ አበራሁ። ዓይኖቹ እንደ ጅብ ዓይን አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ውሻ በዓይኑ ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው፤ በጨለማ ደህና አድርጎ እንዲያይ የሚረዳው እሱ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደገምኩ፤ የግቢው ሲሚንቶ ሲያበራ እሱ ምላስ ያለው ጥቁር ጉድጓድ መሰለ። ብርሃን ሲያንስ ደግሞ ካሜራ ምስሉን ለመያዝ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያች ቅጽበት ቡቺ ሄዷል። የአልበሙም ጭስ የመጣው ከዚሁ ነው።

ስለዚህ የጠዋት ብርሃን ጠበቅሁ፤ የሹተሩንም ፍጥነት 1/500 ሴኮንድ ላይ አደረግሁት። ለስላሳው ብርሃን ያለው የሳሎኑ በር ላይ ነው። በእማዬ ቤት ደግሞ ውሻ ሳሎን አይገባም፤ ይህ ሕግ በዕድሜ ይበልጠኛል። ብዙ ለምኛት «ደፉ ላይ ይቁም፤ አንድ እግሩ እንዳያልፍ» አለች። ጾም ስለነበር አጥንት የለም። ዳቦ ብሰጠው ጎርሶ ወደ ጓሮ ሮጠ። ፌስታል ባንኮሻኩሽ አንዴ አየኝና ናቀኝ።

ያኔ ነው መሳቢያ ውስጥ ያለው የአባዬ ቁልፍ ትዝ ያለኝ። አውጥቼ አንቀጨቀጭኩት።

ቡቺ ደረቀ። ጆሮዎቹ ቆሙ፤ አንድ የፊት እግሩን አንስቶ ከትከሻዬ በላይ ወደ ውጭው በር አየ። 20 ያህል ፎቶ አነሳሁ። ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው፤ የሽፋሽፍቱ ሽበት ሳይቀር ይቆጠራል።

ከዚያ በሩ ሥር ሄዶ ተኛ። ምሳውን አልነካም። እስኪመሽ አልተነሳም። እማዬ ቁልፉን ከእጄ ተቀብላ «ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አለችኝና መኝታ ቤቷ ይዛው ገባች። ፎቶውን ለእህቴ ልኬ ነበር፤ «ምን እያየ ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።

በማግስቱ ስነሳ ቡቺ ከደፉ ወዲህ፣ የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እማዬ አጠገቡ ቡና ትቆላለች። ቀና ብላ አየችኝና «ብርድ ነው» አለች።