ጥርስ የተለወጠላት ላንድሮቨር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ሲስተር፣ ጊዜውን በምን ታሳልፊያለሽ?» ለሚሉኝ «ከልጄ ጋር መኪና እንገጣጥማለን» ስል ይስቃሉ። እውነቴን ነው። ሟች ባለቤቴ ሱሉልታ ግቢያችን ውስጥ የአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ሻንሲ ትቶልን ነበር። ልጄ ሞተሩን ከአንዱ፣ ካምቢዮውን ከሌላው፣ በሮቹን ከሦስተኛው እየለቃቀመ፣ ቡራዩ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሠራት ሦስት ዓመት ፈጀ።

እኔ ላንድሮቨርን የማውቃት በሥራ ነው። በ1972 ዓ.ም. የክትባት ፕሮግራሙ በአገራችን ሲጀመር ገና ወጣት ነርስ ነበርኩ። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዘን ገጠር የምንወጣው በእሷ ነበር። ቀስ ትላለች እንጂ አታሳፍርም።

ልጄን ያናደደው ግን ይኸው ቀስ ማለቷ ነው። እሑድ እሑድ ሰበታ እህቴን ልንጠይቅ ስንሄድ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም፤ ሲኖትራኩ ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈናል። መካኒኩ ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ «ሲስተር፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጉዳዩ የኋላው ዲፈረንሻል ነው።» ከፍቶም አሳየኝ። ትልቁ ጥርስ 47፣ ትንሹ 10 ነው። ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.7 ጊዜ መዞር አለበት። የድሮው ሬንጅሮቨር ግን 46 እና 13 ነው፤ ዘንጉ 3.5 ጊዜ ያህል ቢዞር ይበቃዋል። አገጣጠሙ ስለሚመሳሰል ለእኛዋ ይሆናል። በተመሳሳይ ፍጥነት ሞተሩ ሩብ ያህል ዙር ይቀንስለታል ማለት ነው።

መካኒኩ ሁለት ነገር አስጠነቀቀን። ትልቁና ትንሹ ጥርስ አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ፈትቶ ከሌላ ማጋባት አይቻልም። የኋላው ሲለወጥም የፊቱ አብሮ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ አራቱም ጎማ ሲሠራ የፊቱና የኋላው ይጣላሉ። ልጄ ሶማሌ ተራን ሁለት ወር አስሶ ሁለቱንም አገኘ።

ጥርሱ የተለወጠ ዕለት ሜዳው ላይ እንደ ቅቤ ሄደች። ልጄ ደስታውን አልቻለውም። እንጦጦን ስንወጣ ግን ተንፈራገጠች። በከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ሰው እንደሚያለከልክ ሞተርም ይደክማል። በሱሉልታ ከፍታ የዚህ ዓይነቱ ሞተር ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። እኛ ደግሞ በጥርሱ ሌላ ሩብ ወሰድንበት። ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ ይባስ። ማርሹ አልይዛት ብሎ ልጄ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አላነሳም፤ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። መለኪያው 45 ይላል፤ ዛፉ ግን በ45 የሚሮጥ ዛፍ አልመስልህ አለኝ።

«እማዬ፣ ፈርተሽ ነው» አለኝ።

ፈርቻለሁ። ግን ነርስ ፍርሃቷን ትለካለች። በማግስቱ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው ሜዳ «መለኪያውን 45 ላይ ያዝልኝ» አልኩትና፣ ስንት ዓመት የበሽተኛ ልብ ምት የቆጠርኩባትን ሰዓት አውጥቼ ከአንዱ የኪሎ ሜትር ምልክት እስከ ሌላው ቆጠርኩ። በ45 ብንሄድ 80 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። 60 ሰከንድ ሆነ። 60 እየሄድን ነው!

ምክንያቱ ቀላል ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው ከዲፈረንሻሉ በፊት ያለውን ዙር ነው። ከኋላው ጥርስ እንደተለወጠ ማንም አልነገረውም፤ የድሮውን ሒሳብ ይዞ በቅንነት ይዋሻል።

አንድ ጊዜ የሕፃናት ሚዛናችን ተዛብቶ ሳናውቅ ሰንብተን ነበር። መድኃኒቱ የሚሰጠው በኪሎ ነው፤ ሚዛኑ ሲሳሳት የኛም እጅ አብሮ ተሳሳተ። ደግነቱ ቶሎ ደረስንበት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ሁሉንም እንደገና መለካት ልማዴ ነው።

ልጄ «ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ፤ ሲሦ መጨመር ነው» አለ።

«ሌሊት ታምሜ አጎትህ ቢያሽከረክራት ሒሳቡን ማን ይሠራለታል? መለኪያው ይስተካከል እንበል፤ ፍሬኑስ?»

ዝም አለ። መካኒኩም አፉን በእጁ ሸፍኖ ፈገግ አለ።

አዳማ ብንኖር ኖሮ የልጄ ምርጫ ትክክል ነበር። ረጅም ሜዳ ለሚሄድ፣ ፍሬኑና መለኪያው ለተስተካከለለት፣ ያኛው ጥርስ ሞተር ያሳርፋል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። የኛ መንገድ ግን በእንጦጦ ላይ ነው። ጥርስ የሚመረጠው ለሚታኘከው እህል ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ የድሮው ጥርስ ተመለሰ። የሬንጅሮቨሩን ልጄ ዘይት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስቀመጠው። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

እሑድ ሰበታ ልንሄድ ተነሣን። እንጦጦ ላይ አንድ ሲኖትራክ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። ልጄ ምንም አላለም። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ማርሽ ቀንሶ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ፤ መኪናዋም በሞተሯ ተይዛ ቀስ እያለች ወረደች።

እኔም ሰዓቴን አላወጣሁም።