ጀማን የወረድነው እኛ አይደለንም

እስቲ ዛሬ እንናዘዝ። ከእኛ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ቡና የጠጣ ሰው ይህችን ታሪክ ሰምቷታል፦ «እኛ እኮ የጀማን ገደል በመኪና የወረድን ነን!» በየዓመቱ ስናወራት ገደሉ እየጠለቀ፣ መንገዱም እየጠበበ መጥቷል። ግማሿን ግን ደብቀናል።

ነገሩ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። አራት ነበርን፤ አራታችንም የአዲስ አበባ ልጆች፣ መንጃ ፈቃድ ከያዝን ዓመት ያልሞላን። የጓደኛችን ሠርግ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ነበር። የአንዳችንን አጎት አሮጌ ላንድክሩዘር ለመንናቸው፤ ሰጡን። ከዚህ በኋላ ማን ይቻለን?

በጎጃም መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ያኔ ከዚያ ወዲያ አስፋልት የለም፤ ኮረኮንች ነው። እስከ ለሚ አገሩ ሜዳ ነው፤ የእህል ክምር፣ ከብት፣ ብርድ። «የታለ ገደሉ?» እያልን ስንሳሳቅ መሬቱ ድንገት አለቀ። አፋፉ ላይ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፤ ከእነሱ በታች አሞራ ይዞራል። አሞራን ከላይ ሆነን ስናይ የመጀመሪያችን ነበር። ከታች፣ በጣም ከታች፣ ወደ ዓባይ የሚጓዘው ጀማ እንደ ክር ቀጥኗል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው።

ሹፌራችን (ስሙን አንጠራም፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው) እንደ ፊልም ሊነዳት ፈለገ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሙዚቃው ከፍ፣ እግሩ ፍሬን ላይ። በየኩርባው ጎማው ጠጠር ላይ ሲንሸራተት እኛ እናጨበጭባለን። ጥቂት ኩርባዎች እንደወረድን አንድ የሚያርር ነገር ሸተተን። «ከውጭ ነው» አልን። ሹፌራችን ሙዚቃውን አጠፋ።

«ፍሬኑ እንቢ አለኝ።»

በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ግድግዳ። መሪውን ወደ ግድግዳው ጠምዝዞ ቦዩ ውስጥ ሰካት። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ከኋላችን ያኔ ሁላችንም «አልቃይዳ» እያልን የምንሰድበው አይሱዙ መጣ። ረዳቱ ታኮ ይዞ ዘለለ፤ ከእኛ የሚያንስ ልጅ ነው። አሽትቶ ሳቀ። «ሸራውን ጠበሳችሁታል!» ከእኛ አንዱ ጎማው ላይ ውኃ ሊደፋ ሲሮጥ ያዘው፤ «ተው፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ራሱ ይብረድ።» ሹፌሩ ጋሼ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አስተማሩን። ፍሬን ለማቆሚያ ነው፤ ለቁልቁለት ማርሽ አለ። ፍሬን ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፍሬኑ ተመለሰ። መሪውን የሚይዝ ግን ከአራታችን አንድ ሰው ጠፋ። እርስ በርስ ተያየን።

«ላውርዳችሁ?» አለ ረዳቱ።

አወረደን። በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ አህያ የሚነዱ ገበሬዎች እየቀደሙን፣ ፍሬኑን ኩርባ ላይ ብቻ ነካ እያደረገ። ታች ማሽላ አለ፣ ሙቀት አለ፤ ጃኬታችንን አወለቅን። ድልድዩ ጋ ሃምሳ ብር ሰጠነው፤ አመስግኖ ወደ አይሱዙው ሮጠ። ማታ ሠርጉ ላይ ጀማን ስንተርክ ልጁ ከታሪኩ ወጥቶ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በግጭቱ ምክንያት የሰሜን ሸዋ መንገድ በተዘጋ ቁጥር እሱ ትዝ ይለናል። ዛሬ የራሱ መኪና ሹፌር ሆኖ ይሆናል። ደኅና ይሆን ብለን ሰው ልንጠይቅ እንፈልግና እናፍራለን። ያን ሁሉ ዓመት ያወራንለትን ገደል ያወረደንን ልጅ ስሙን አልጠየቅነውም።