የልምምዱ ሰዓት ከየት ይመጣል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዛሬ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ለሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተመርጣለች፤ ወላጅ ካልፈረመ ግን መለያ አይሰጣትም። ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጨዋታ ሲኖር ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ይወጣሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች። ብትለማመጠኝ ይሻለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ። ለከርሞ ማትሪክ አለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አባቷ ወረቀቱን አንብቦ «ኳሱ የትም አይሄድም፤ ከፈተናው በኋላ ትደርስበታለች» አለ። ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ2015 መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዙር 3.3 በመቶ፣ በሁለተኛው 3.2 በመቶ፣ ባለፈው ክረምት ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን የሰማ አባት ኳስ ሲባል ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

ግን ያ ሁሉ ልጅ የወደቀው ኳስ ሲጫወት ነው እንዴ? በዚህ በአዲስ አበባ እንኳ ለመኖሪያ የተሠራ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ፣ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ደረጃ ላይ ተጨናንቀው የሚቆሙባቸው ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። የመምህሩን፣ የመጽሐፉን፣ የመሠረቱን ጉድለት ትተን ሜዳውን ተጠያቂ ማድረግ ልክ አይመስለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ከሥራ አስፈቅጄ ልምምዳቸውን ላይ ሄድኩ። ሜዳው ግማሹ ጠጠር ነው። ታኬታ ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌሎቹ በሸራ ጫማ ይሮጣሉ። ልጄ ተከላካይ ናት። ቤት ውስጥ ድምጿ የማይሰማው ልጅ «ከኋላሽ! ልቀቂው! ተመለሺ!» እያለች ከእሷ የሚበልጡትን ታዛለች። ቆሜ ስመለከታት ያለማጋነን ሌላ ሰው መሰለችኝ።

የስፖርት መምህሩ ወጣት ነው። ስለ ማርኳ ስጠይቀው «እናቴ፣ የክፍል ኃላፊዎቹ የሁሉንም ውጤት ይነግሩኛል። የወረደባትን ልጅ እኔ ራሴ አላሰልፋትም» አለኝ። ስለ ምሽቱ ስጠይቀው ግን የሚሰጠኝ መልስ አልነበረውም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፉ መንገድ ይዘጋል፤ ቤት እስክትደርስ ይመሻል። ከፊዚክሱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሰሞኑን የልጄ ሰዓት የት እንደሚሄድ ስከታተል ሰነበትኩ። ከትምህርት ቤት ትገባለች፤ ዩኒፎርሟን ታወልቃለች፤ ቡና ታፈላለች። ውኃ በመጣ ቀን ጀሪካን ትሞላለች። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ዕቃ ታጥባለች። እንግዳ ከመጣ ደግሞ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። መጽሐፍ የምትገልጠው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ዓይኗ ደክሟል። ስልኩም ድርሻ አለው፤ የጥያቄ ወረቀት ላውርድ ብላ ቴሌግራም የገባች ልጅ ወሬ ሳታይ አትወጣም።

ታናሽ ወንድሟ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ቦርሳውን ጥሎ ሰፈር ኳስ ሊጫወት ይወጣል፤ ለራት ይመለሳል። የእሱን ኳስ ከትምህርቱ ጋር አያይዞ ያነሣ ሰው በቤታችን የለም። እናቴም፣ አባቷም፣ ጎረቤቶቻችንም «ወንድ ልጅ ነው፣ ይጫወት» ነው የሚሉት።

ስለዚህ የእሷ ልምምድ በመጀመሪያ የሚነካው ጓዳውን ነው። መጽሐፉን ጓዳው አስቀድሞ ወስዶታል።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ከቁርስ በኋላ አራታችንም ተቀመጥን። የንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ሰሞኑን ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሞሮኮ ናቸው፤ ልጁም ልጅቷም ስለ እነሱ ሲያወሩ ወሬው ወደ ሎዛ አበራ ሄደ፤ ከዱራሜ ተነሥታ ስዊድንና ማልታ የተጫወተችው፣ አሁን ዋሽንግተን ላይ ያለችው። አባቷ «ሎዛ አንድ ናት» አለ። እውነቱን ነው። ልጄም «እኔ ሐኪም ነው መሆን የምፈልገው አባዬ፤ መጫወት ግን ደስ ይለኛል» አለችው። እንዲህ ቀጥ አድርጋ ስትመልስለት ሰምቼ አላውቅም። ሜዳው ላይ የሰማሁት ድምፅ ነበር።

ከዚያ ሰዓቱ ላይ ተነጋገርን። ማክሰኞና ሐሙስ ውኃውና ዕቃው የወንድሟ ነው። አኩርፏል፤ ይለምደዋል። አባቷ በእነዚያ ቀናት ከሥራ ሲወጣ በትምህርት ቤቱ በር አልፎ ይዟት ይመጣል። በሌሎቹ ቀናት ከእራት በፊት ታጠናለች፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ማታ ስልኩ እኔ ጋ ያድራል። የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ጥር ላይ ሲመጣ እንደገና እንቀመጣለን። ማርኳ ዝቅ ካለም መጀመሪያ የሚቀነሰው የጓዳ ሥራዋ ጫና ነው፤ ኳሱ የመጨረሻው ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን ነገር በግድ ነው ያስገባሁት፤ አባቷ ገና አልተዋጠለትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ወረቀቱን ፈርሜ ላክሁ። ማታ ቀይ መለያ ለብሳ ከአባቷ ጋር ገባች፤ ተጣጥባ፣ በልታ፣ ኬሚስትሪዋን ይዛ ተቀመጠች። ዕቃው በወንድሟ እጅ ታጠበ፤ አንድ ብርጭቆ ተሰበረ።

ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ «ኳሱ ትምህርቷን ይጎዳል» ብላችሁ ከመከልከላችሁ በፊት፣ ከትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ መጽሐፍ እስክትገልጥ ድረስ በቤታችሁ ምን ስትሠራ እንደምትቆይ አንድ ሳምንት ተከታተሉ። ከዚያ ወስኑ።